መወጣጫ ወይስ ማገር፦ አጥንት ለሚያድግበት ባለ ቀዳዳ ቁስ ስም ስለ ማውጣት

አጭር መግለጫ

ይህ ጽሑፍ በአጥንት ሕክምና ሳይንስ እስካፎልድ ተብሎ የሚጠራውን ባለ ቀዳዳ ቁስ አሠራር ለቋንቋ ተመራማሪዎች ያብራራል፤ ቀጥሎም አማርኛ ለዚህ ነገር ሊሰጠው የሚችላቸውን ስሞች ይመዝናል። በየቦታው ከሶማሊኛ ጋር ያነጻጽራል። የጽሑፉ መከራከሪያ አጭር ነው፦ ለታካሚ የሚነገር የሕክምና ቃል ነገሩ ምን እንደሚመስል ብቻ ሳይሆን በሰውነት ውስጥ ገብቶ መጨረሻው ምን እንደሚሆን ጭምር ማሳየት አለበት። በዚህ መስፈርት ሲለካ ከግንባታ ሥራ የተወሰደው «መወጣጫ» ይወድቃል፤ ከጭቃ ቤት ግድግዳ የተወሰደው «ማገር» ደግሞ በአንድ ቅጽል ከታገዘ ይበቃል።

1. መግቢያ

ከኢትዮጵያ መጥተው በግንባታና በምግብ ቤት ሥራ የሚተዳደሩ አማርኛ ተናጋሪዎች በሐርጌሳ ጥቂት አይደሉም። እዚያ በቆየሁበት ወቅት ከእነዚህ ከአንዱ፣ በዕድሜ ከሚበልጡኝ አንድ ግንበኛ ጋር፣ ማታ ማታ ሻይ እንጠጣ ነበር። አንድ ምሽት ስለምሠራው ጠየቁኝ። ለአጥንት ሕክምና ቃላት አማርኛ ስም እየፈለግሁ እንደሆነ ነገርኋቸው፤ እንዲህም ብዬ አስረዳሁ፦ አጥንት ተሰብሮ ቁራጩ ሲጠፋ ሐኪሞች በክፍተቱ ውስጥ አንድ መወጣጫ ያስገባሉ፤ አዲሱ አጥንት በእሱ ላይ ያድጋል። በጽሞና ሰምተው ሲያበቁ፣ «ታዲያ ዶክተር፣ መወጣጫው መቼ ነው የሚፈታው?» አሉኝ።

ጥያቄያቸው ትክክል ነበር፤ ስህተቱ የቃሌ ነው። መወጣጫ የሚሠራው ሊፈታ ነው። ግድግዳው ሲያልቅ እንጨቱ ይወርዳል፣ ምስማሩ ይነቀላል፣ ለሌላ ሕንጻ ይጫናል። ይህን ቃል የሰማ ታካሚ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ይጠብቃል፤ በቀጠሮው ቀን «አውጡልኝ» ብሎ ይመጣል፤ ወይም ሁለተኛውን ፈርቶ የመጀመሪያውን እምቢ ይላል። አንድ ስም የሕክምናን ፈቃድ ሊያሰጥ ወይም ሊያስከለክል ይችላል ማለት ነው። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ጥያቄ ተነሥቶ የተጻፈ ነው።

ቦታውም ለጥያቄው ክብደት ይሰጠዋል። ሐርጌሳ እ.ኤ.አ. በ1988 በአየርና በመድፍ ድብደባ በአብዛኛው ፈርሳ የነበረች ከተማ ናት። ከዚያ ጦርነትና ቀደም ሲል ከነበረው የ1977–78 የኦጋዴን ጦርነት የተረፉ ፈንጂዎች በሶማሊላንድ ምድር ለብዙ ዓመታት ሰው ሲጎዱ ኖረዋል። የፈንጂ፣ የጥይትና የመኪና አደጋ ጉዳት አጥንትን ከመስበር አልፎ ቁራጩን ይዞ ይሄዳል። አጥንት የጎደለበት ሰው ባለበት ሁሉ ስለ አጥንት መሙያ መናገር የማይቀር ነውና፣ የሚነገርበት ቃል አስቀድሞ ቢዘጋጅ ይሻላል።

ስለ አጻጻፉ አንድ ማሳሰቢያ፦ የሶማሊኛ ቃላትን በግዕዝ ፊደል ስጽፍ ሐ እና ዐ የየራሳቸውን የጉሮሮ ድምፅ ይወክላሉ። በአማርኛ አነባበብ ከሀ እና ከአ ጋር የተቀላቀሉት እነዚህ ፊደላት በሶማሊኛ ቃል ላይ ሲውሉ የጥንት ሥራቸውን መልሰው ያገኛሉ።

2. ነገሩ ራሱ

አጥንት በሕይወት ያለ አካል ነው። አጥንት ሰርሳሪ ሕዋሳት አሮጌውን ይቆፍራሉ፤ አጥንት ገንቢ ሕዋሳት ደግሞ በቆፈሩት ቦታ አዲስ ይሠራሉ። ሥራው ዕድሜ ልክ አይቋረጥም። የአጥንት ቁስ በአንድ በኩል ኮላጅን የተባለ የፕሮቲን ክር፣ በሌላ በኩል በክሩ ላይ የተጋገረ የካልሲየምና የፎስፌት ማዕድን ነው። ክሩ አጥንት በቀላሉ እንዳይሰበር፣ ማዕድኑ ደግሞ እንዳይጎብጥ ያደርጋሉ።

ቅልጥም ሰብሮ መቅኒ የበላ ሰው ሁለት ዓይነት አጥንት አይቷል። ውጫዊው ቅርፊት ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ከይዘቱ ባዶ ቦታ የሆነው ከ5 እስከ 10 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በአጥንቱ ጫፍ በኩል ያለው ውስጣዊ ክፍል ግን ስፖንጅ ይመስላል፤ ከይዘቱ ከ50 እስከ 90 በመቶ የሚደርሰው ባዶ ቦታ ሲሆን በዚያ ውስጥ መቅኒና የደም ሥር ይኖራሉ። ጥቅጥቁ አጥንት ከ100 ሜጋፓስካል በላይ የሆነ ጭነት ሲሸከም ስፖንጃማው የሚሸከመው በአብዛኛው ከ2 እስከ 12 ሜጋፓስካል ነው። ይህ ልዩነት ወደ ኋላ የምንመለስበትን አንድ ችግር ከወዲሁ ያመለክታል፦ ባዶው ቦታ በጨመረ ቁጥር ጥንካሬው ይቀንሳል።

የተሰበረ አጥንት ከሌላው አካል በተለየ ጠባሳ ሳይተው ይድናል። ወጌሻ ስብራቱን ገጥሞ በሽንበቆ ወይም በቀርከሃ ሲያስር፣ ሐኪም ጄሶ ሲያደርግ ወይም ብረት ሲያስገባ፣ የሚረዱት ይህንኑ የተፈጥሮ ችሎታ ነው። በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው ክፍተት ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ግን ሰውነት በራሱ ሊሞላው አይችልም። ያን ጊዜ የቆየው መፍትሔ ከታካሚው ከራሱ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከዳሌው አጥንት ጥቂት ቆርጦ ክፍተቱን መሙላት ነው። ዛሬም ሌሎች ዘዴዎች የሚመዘኑት በዚህ ነው። ነገር ግን ከዳሌ የሚቆረጠው አጥንት የተወሰነ ነው፤ የተቆረጠበት ቦታም ለብቻው ያማል። ከሌላ ሰው የተወሰደ አጥንት መትከልም ይቻላል፤ የበሽታ መተላለፍ ሥጋትና የአቅርቦት ችግር ግን አሉበት።

ሦስተኛው መንገድ ክፍተቱን በተዘጋጀ ባለ ቀዳዳ ቁስ ሞልቶ የሰውነት ሕዋሳት ራሳቸው ገብተው አጥንት እንዲሠሩበት ማድረግ ነው። ላሪ ሄንች እ.ኤ.አ. በ1969 በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ከሕያው አጥንት ጋር የሚጣበቅ ልዩ የመስታወት ዓይነት መሥራታቸው ሰው ሠራሽ ቁስ ከአጥንት ጋር በእርግጥ ሊዋሐድ እንደሚችል አሳየ። ሮበርት ላንገርና ጆሴፍ ቫካንቲ እ.ኤ.አ. በ1993 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ የኅብረ ሕዋስ ምሕንድስናን እንደ አንድ የጥናት መስክ ካቀረቡት ወዲህ እስካፎልድ የሚለው ቃል በመስኩ ሥር ሰደደ። ቃሉ ከግንባታ የተወሰደ ዘይቤ ነው፤ የእኛም ችግር የሚጀምረው ከዚህ ዘይቤ ነው።

3. ቀዳዳ፣ ዓይን፣ መተላለፊያ

የዚህ ቁስ ዋና ጠባይ ቀዳዳው ነው። ሕዋስ ያለ ደም አይኖርም፤ ከደም ሥር ከ100 እስከ 200 ማይክሮን በላይ የራቀ ሕዋስ ኦክስጅንና ምግብ በበቂ ሁኔታ አያገኝም። ስለዚህ በክፍተቱ መሐል አጥንት እንዲበቅል ከተፈለገ የደም ሥር እስከ መሐሉ ድረስ የሚዘልቅበት መንገድ ያስፈልጋል። በ1970ዎቹ መባቻ የተደረጉ ጥናቶች የቀዳዳው ስፋት ቢያንስ ወደ 100 ማይክሮን መሆን እንዳለበት አመለከቱ። ካራጆርጂዩና ካፕላን እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ሰፊ ቅኝት ደግሞ የደም ሥር በደንብ እንዲገባ ከ300 ማይክሮን በላይ የሆነ ቀዳዳ እንደሚመረጥ ጽፈዋል። የሰው ፀጉር ውፍረት ወደ 70 ማይክሮን ገደማ ነውና፣ 300 ማይክሮን ማለት አራት ፀጉር ጎን ለጎን እንደማለት ነው።

ከስፋቱ የማያንሰው ጉዳይ የቀዳዳዎቹ መገናኘት ነው። ሺሕ ቀዳዳ ቢኖር እያንዳንዱ በራሱ የተዘጋ ከሆነ ሕዋስ ከላይኛው ረድፍ አያልፍም። የአሠራሩ ዘዴዎች ሁሉ የሚደክሙት ለዚህ ነው። አንዱ ዘዴ የጨው ቅንጣት ከቀለጠ ፖሊመር ጋር ቀላቅሎ ካደረቁ በኋላ ጨውን በውኃ አጥቦ ማውጣት ነው፤ ጨው የነበረበት ሁሉ ቀዳዳ ይሆናል። ሌላው ተራ ስፖንጅን በማዕድን ጭቃ ነክሮ በእሳት መተኮስ ነው፤ ስፖንጁ ተቃጥሎ ይጠፋል፣ ጭቃው እንደ ሸክላ ጠንክሮ የስፖንጁን ቅርጽ ይይዛል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ በሦስት አውታር ማተሚያ የቀዳዳውን መንገድ አስቀድሞ መንደፍ ተችሏል።

እንግዲህ አማርኛ ይህን ጠባይ በምን ይገልጸዋል? መጀመሪያ የሚመጣው «ቀዳዳ» ነው። ቀዳዳ በአማርኛ ግን በአብዛኛው ጉድለት ነው። ልብስ ሲቀደድ፣ ጣሪያ ሲያፈስ፣ ውል ማምለጫ ሲገኝበት «ቀዳዳ አለው» እንላለን። ብዛትን ለማመልከት ግሱን ብንደጋግመው ነገሩ ይብሳል፤ «የተቀዳደደ» ማለት ብዙ መተላለፊያ ያለው ሳይሆን ከጥቅም ውጭ የሆነ ነው። «ሽንቁር» የሚያፈስ እንስራን፣ «ወንፊት ሆነ» በጥይት የተበሳሳን ነገር ያስታውሳሉ። በሶማሊኛ ደሎል ቀዳዳ ሲሆን የመጀመሪያው ክፍለ ቃል ተደግሞ ደልደሎሎ ሲባል ብዙ ቀዳዳዎችን ያመለክታል። ሁለቱም ቋንቋዎች ድግግሞሽን ይጠቀማሉ፤ የአማርኛው ድግግሞሽ በዚህ ሥር ላይ ወደ ጥፋት ማዘንበሉ የዚሁ ሥር የግል ዕጣ ነው።

አማርኛ በጎ የሆነ ቀዳዳ የሚያውቅበት አንድ ቦታ አለ፤ እሱም ምጣድ ላይ ነው። የእንጀራ ቀዳዳ ቀዳዳ አይባልም፣ «ዓይን» ይባላል። ዓይን የሌለው እንጀራ ያልተሳካ እንጀራ ነው፤ ዓይናማ እንጀራ ግን ጋጋሪዋን ያስመሰግናል። በሐርጌሳ ለቁርስ የሚቀርበው ለሖሕም እንዲሁ ላዩ ዓይናማ ስለሆነ፣ ምሳሌው ለሁለቱ ቋንቋዎች ተናጋሪዎች በአንድ ገበታ ላይ ይገኛል። «ዓይናማ» የሚለው ቅጽል እንግዲህ ቀዳዳን ከጉድለት ወደ ሙያ ያሻግረዋል።

ምሳሌው ግን ጎደሎ ነው። የእንጀራ ዓይን ከላይ ክፍት፣ ከታች ዝግ ነው፤ ጀርባው ልሙጥ ነው። «የማር እንጀራ» የምንለው የንብ ሰፈፍም እያንዳንዱ ቤት በሰም ግድግዳ ከጎረቤቱ የተለየ ነው። ሁለቱም ብዙ ዓይን ያሳያሉ፤ ዓይን ከዓይን የሚገናኝበትን መንገድ ግን አያሳዩም። እዚህ ላይ የግሪኩን ሥር ማስታወስ ይጠቅማል። በአውሮፓ ቋንቋዎች ይህን ጠባይ የሚሰይመው ቃል የመጣው ከግሪኩ ፖሮስ ነው፤ ትርጉሙም መሻገሪያ፣ መተላለፊያ ነው። ቃሉ ከመነሻው የሚናገረው ስለ ጉድጓድ ሳይሆን ስለ መንገድ ነበር። ስለዚህ «ዓይናማ» ብለን ስንሰይም በማብራሪያው «ዓይን ለዓይን የሚተላለፍ» ብለን ማሟላት ይኖርብናል።

በዚህ ረገድ አማርኛ አንድ ያልታሰበ ጥቅም አለው። በአውሮፓ ቋንቋዎች በዕድሜ ብዛት አጥንትን የሚያሳሳው በሽታ፣ ኦስቲዮፖሮሲስ፣ ስሙ የተሠራው ከዚሁ ከግሪኩ ሥር ነው። አንዱ ቃል በአንድ በኩል በሽታን፣ በሌላ በኩል መድኃኒትን ይሰይማል። አማርኛ በሽታውን «የአጥንት መሳሳት» ስለሚለው ሁለቱ አይጋጩም። «ባለ ቀዳዳ» የሚለውን ብንመርጥ ያልነበረውን ግጭት ራሳችን እንፈጥራለን።

4. አራት ዕጩ ስሞች

የመጀመሪያው ዕጩ «መወጣጫ» ነው። የቀጥታ ትርጉም ስለሆነ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ይቀርባል። ግን መወጣጫ ከሕንጻው ውጭ ይቆማል፤ ግንበኛው ይወጣበታል እንጂ አይኖርበትም፤ ሥራ ሲያልቅም በሰው እጅ ይፈታል። የአጥንቱ ቁስ በሦስቱም ተቃራኒ ነው፦ ውስጥ ይገባል፣ ሕዋሳት ይሰፍሩበታል፣ የሚያነሣውም ሰው የለም።

ሁለተኛው «ንቅለ ተከላ» ነው። ይህ ስያሜ በተለይ በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2015 የኩላሊት ንቅለ ተከላ ከተጀመረ ወዲህ በሕዝብ ዘንድ ታውቋል። አሠራሩም ግሩም ነው፤ ነቅሎ መትከልን በሁለት የግዕዝ ስሞች አጣምሮ ይነግራል። ይሁን እንጂ ቃሉ ከተነቀለ አካል ይነሣል። ከራስ ዳሌ ለተወሰደ አጥንት ይስማማል፤ በፋብሪካ ለተዘጋጀ ማዕድን ግን «ከማን ተነቀለ?» የሚል መልስ የሌለው ጥያቄ ያስነሣል።

ሦስተኛው የግዕዝ ጥምር ቃል አዲስ መፍጠር ነው። «ሥነ ሕይወት» እና «ኅብረ ሕዋስ» የተሠሩት በዚህ መንገድ ነው፤ ለትምህርት ቤትም አገልግለዋል። በታካሚ አልጋ አጠገብ ግን መንገዱ አደገኛ ነው። «ሕዋስ» ራሱ ማስረጃ ነው። ትምህርት ቤት ላልገባ ተናጋሪ ሕዋሳት ማለት ማየት፣ መስማት፣ ማሽተት፣ መቅመስና መዳሰስ ናቸው፤ በፖለቲካ ድርጅቶች ቋንቋ ደግሞ ትንሿ የአባላት ክፍል ሕዋስ ተብላለች። «ሕዋሳትህ ይገቡበታል» የተባለ ሰው የትኛውን እንደሚረዳ እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ከዚህ ይልቅ «የገዛ አካልህ ሥጋና ደም ይገባበታል» ማለት በሳይንስ ዓይን ሸካራ ቢሆንም በትክክል ይሰማል።

አራተኛው «ማገር» ነው። ጭቃ ቤት ሲሠራ ቋሚዎቹ ይተከላሉ፤ በቋሚዎቹ ላይ አግድም ማገር ይታሰራል፤ ከጭድ ጋር የተቦካ ጭቃ በማገሩ መካከል ተጠቅጥቆ ይመረጋል። ማገር ለግድግዳው ቅርጽ ይሰጣል፣ ጭቃውን ይይዛል፣ ክፍተቱ ደግሞ ለጭቃው መግቢያ ነው። ክፍተት የሌለው ማገር ጭቃ አይዝም፤ ክፍተቱ የበዛ ማገር ደግሞ ግድግዳ አያቆምም። በቀዳዳና በጥንካሬ መካከል ያለውን ያን የመሐንዲሶች ውጥረት የአገር ቤት ሠሪ ከእጁ ያውቀዋል።

ይህን ለወዳጄ ለግንበኛው ሳቀርብላቸው ደስ አላቸው፤ ግን አልለቀቁኝም። «ማገርማ አይጠፋም» አሉ፤ «ምስጥ ካልበላው በቀር።» እንደገና ትክክል ነበሩ። ማገር የግድግዳው ቋሚ ክፍል ነው። የአጥንቱ ማገር ግን፣ ቢያንስ በብዙዎቹ ዓይነቶች፣ ግድግዳው ሲደርቅ ቀስ በቀስ ራሱ የሚጠፋ ማገር ነው። ስሙ አንድ ቅጽል ይፈልጋል።

በሶማሊኛ ተመሳሳይ ምስል ለሚፈልግ ሰው ከአርብቶ አደሩ ተንቀሳቃሽ ቤት፣ ከአቀል፣ መነሣት ይቻላል። ኡዱብ መሐሉን ያቆማል፤ ዲጎ የሚባሉት ጎባጣ እንጨቶች ቅርጹን ይሰጣሉ፤ ምንጣፍ ይለብሳል። ይሁን እንጂ አቀል በግመል ተጭኖ ለመሄድ የሚፈታ ቤት ነውና፣ የመወጣጫን ችግር በሌላ በር መልሶ ያስገባ ይሆናል። ምርጫው የተናጋሪዎቹ ነው፤ የእኔ ድርሻ ጥያቄውን በግልጽ ማስቀመጥ ብቻ ነው።

5. መጥፋት፣ መቅለጥ፣ መሟሟት፣ መተካት

ቁሱ ከሰውነት የሚለቅበት መንገድ እንደ ዓይነቱ ይለያያል። የፖሊላክቲክ አሲድ ዝርያ የሆኑ ፖሊመሮች በሰውነት ፈሳሽ ቀስ በቀስ ይፈርሳሉ። ትራይካልሲየም ፎስፌት የተባለው ማዕድን በከፊል ይሟሟል፣ በከፊልም አጥንት ሰርሳሪ ሕዋሳት ይቆፍሩታል፤ አዲስ አጥንትም ቦታውን ይይዛል። በእሳት የጠነከረ ሃይድሮክሲአፓታይት ግን እጅግ በዝግታ ስለሚለቅ ለዓመታት በቦታው ይቆያል። ቲታኒየም ጨርሶ አይሄድም፤ ግትርነቱም ከጥቅጥቅ አጥንት ብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ ጭነቱን ሁሉ ራሱ ይሸከምና በዙሪያው ያለው አጥንት ሥራ ፈትቶ ይሳሳል። አጥንት እንደሚሸከመው ጭነት ይሠራል፣ ካልተጫነም ይከሳል፤ ይህን ሕግ ዩልዩስ ቮልፍ እ.ኤ.አ. በ1892 በመጽሐፍ አስፍረውታል። ጥሩ ማገር እንግዲህ የሚሄድበት ፍጥነት ከአጥንቱ ማደጊያ ፍጥነት ጋር የተመጣጠነ ነው፤ ከቀደመ ግድግዳው ይናዳል፣ ከዘገየ አጥንቱ ይሰንፋል።

አማርኛ ለዚህ መለቀቅ በርካታ ግሶች አሉት፤ እያንዳንዱም የየራሱን ታሪክ ይዞ ይመጣል። «ጠፋ» ኪሳራ ነው፤ የከፈለበት ነገር ጠፋ የተባለ ታካሚ ይደነግጣል። «ቀለጠ» እሳትን ይጠራል፤ ቅቤና ሻማ ይቀልጣሉ፣ ታካሚውም ትኩሳት ሲሰማው ማገሩ የቀለጠ ይመስለዋል። «ተበላ» በማዕድኑ ላይ ከሚሆነው ነገር በከፊል ይስማማል፤ ግን «አጥንቱ ተበላ» የበሽታ ቃል ነው። «ሟሟ» ጨውና ስኳር በውኃ ውስጥ የሚሆኑትን ይናገራል፤ ዝግታና ሰላም አለው፣ ለፖሊመሩም በጣም ቅርብ ነው። «ተተካ» ደግሞ ሙሉውን ታሪክ በአንድ ቃል ይሸከማል፦ አንዱ ሲሄድ ሌላው ቦታውን ይይዛል። ስለዚህ በቴክኒክ ጽሑፍ «ሟሚ»፣ ለታካሚ በሚነገር ንግግር ግን «በአጥንት የሚተካ» የሚለው ይመረጣል። የማይሄደው ዓይነት «ቋሚ» ሊባል ይችላል፤ በቤት ሥራ ቋንቋ ግን ቋሚ የግድግዳ እንጨት ስም ስለሆነ «የማይሟሟ» ማለት ይሻላል።

6. ከምን ተሠራ?

የስያሜው ሁለተኛ ግዴታ ምንጩን አለመደበቅ ነው። ለዚህ ቁስ ከሚያገለግሉት ነገሮች አንዳንዶቹ ሙሉ በሙሉ በፋብሪካ የተሠሩ ናቸው። ሌሎች ከከብት አጥንት ፕሮቲኑ ተወግዶ የቀረው ማዕድን ናቸው። ኮላጅን ከከብት ወይም ከአሳማ ሊወሰድ ይችላል። ሮይና ሊነሃን እ.ኤ.አ. በ1974 ኔቸር በተባለው መጽሔት እንዳሳዩት የባሕር ኮራል አጽምም ተፈጥሯዊ ቀዳዳውን እንደያዘ ወደ አጥንት መሰል ማዕድን ሊለወጥ ይችላል። በምጽዋና በሱዋኪን የጥንት ቤቶች የተገነቡበት ኮራል፣ በሌላ አህጉር ቤተ ሙከራ ውስጥ የአጥንት ማገር ሆነ ማለት ነው።

በሐርጌሳ ላለ ሙስሊም ታካሚም ሆነ ለኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ታካሚ «ከአሳማ ነው?» የሚለው ጥያቄ የሚናቅ አይደለም። «ሰው ሠራሽ» የሚለው ቅጽል እዚህ ላይ ሊያሳስት ይችላል። ሶማሊኛ ሳተላይትን ደየሕ ገዕሜድ፣ በእጅ የተሠራ ጨረቃ፣ እንዳለው ሁሉ አማርኛም በእጅ የተበጀውን ሁሉ ሰው ሠራሽ ይለዋል። ከከብት አጥንት የተዘጋጀውን ማዕድን «ሰው ሠራሽ» ማለት ግን ግማሽ እውነት ነው።

ከሰው የተወሰደ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ይጠልቃል። አማርኛ ተናጋሪ ዘሩን ሲናገር አጥንት ይቆጥራል። ሶማሊኛም የጎሳን አንድ ክፍል ጂሊብ፣ ማለትም ጉልበት፣ ብሎ ይጠራዋል። አጥንት ወይም መገጣጠሚያ የትውልድ ስም በሆነበት ቋንቋ «የሰው አጥንት ተተከለልህ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከሕክምና በላይ ይናገራል። «የማን?» የሚል ጥያቄ ቢከተለው ምላሹ ፈገግታ ሳይሆን ማብራሪያ መሆን አለበት።

የቁሱን ዓይነት የሚገልጹ ቃላትም ጥንቃቄ ይሻሉ። የሄንች ግኝት «ብርጭቆ» ከተባለ ታካሚው ስባሪ በሥጋው ውስጥ ያስባል። «ሴራሚክ» ለብዙ ከተሜ የወለል ንጣፍ ነው። «በእሳት የተተኮሰ የአጥንት ማዕድን» ረጅም ነው፤ ግን አያስፈራም፣ አይዋሽምም።

7. የቀረበው ስያሜና መፈተኛው

ከላይ የተባለውን ስንሰበስብ የሚከተለው ይወጣል። ለአጠቃላይ ስሙ «የአጥንት ማገር»፤ ለቀዳዳው ጠባይ «ዓይናማ»፤ ለቀዳዳዎቹ መገናኘት «ዓይን ለዓይን ተላላፊ»፤ ለሚለቀው ዓይነት በጽሑፍ «ሟሚ»፣ በንግግር «በአጥንት የሚተካ»። ሙሉ ስሙ «ዓይናማ ሟሚ የአጥንት ማገር» ይሆናል። «እስካፎልድ» የሚለው የውሰት ቃል በሐኪሞችና በተመራማሪዎች መካከል ቢቀጥል ጉዳት የለውም፤ ጄሶ ከጣልያንኛ መጥቶ እንደተዋሐደ ሁሉ እሱም አንድ ቀን ይዋሐድ ይሆናል። እስከዚያው ግን ለታካሚ ባዶ ድምፅ ነው።

ስያሜው መሥራቱ የሚታወቀው በተናጋሪዎች መልስ ነው። ሦስት ጥያቄዎች ይበቃሉ። ቃሉን የሰማ ሰው፣ የተነገረው በእኛ ማብራሪያ ቢሆንም፣ በራሱ አነጋገር ይመልስ፦ ይህ ነገር ወዴት ይገባል? ማን ይገባበታል? መጨረሻው ምን ይሆናል? «መወጣጫ» በሦስተኛው ጥያቄ ወደቀ። «ንቅለ ተከላ» ገና ሳይጠየቅ ሌላ ጥያቄ አስነሣ። «ማገር» ብቻውን ሁለቱን አለፈ፤ «በአጥንት የሚተካ» ሲታከልበት ሦስተኛውንም ያልፋል ብዬ እጠብቃለሁ። ይህን መፈተሽ በየአካባቢው ያሉ ተመራማሪዎች ሥራ ነው። ማገር በጎንደር፣ በወሎና በሸዋ ከግድግዳ ይልቅ ጣሪያን የሚያስታውስበት አካባቢ ካለ ምስሉ ሊላላ ይችላልና፣ የዘዬ ልዩነት መታየት አለበት።

8. ማጠቃለያ

የሳይንስ ቃል ፈጠራ ብዙ ጊዜ የሚደረገው ለመዝገበ ቃላት ነው፤ ቃሉ ከባዕዱ ቃል ጎን ሲቀመጥ ሥራው ያለቀ ይመስላል። የአጥንት ማገር ግን በወረቀት ላይ ሳይሆን ሰው ፊርማውን ከማስፈሩ በፊት ባለችው አጭር ንግግር ውስጥ የሚፈተን ቃል ነው። በዚያች ንግግር ዘይቤ የግድ ይገባል፤ እንግሊዝኛውም ያለ ዘይቤ አልቻለም። የእኛ ምርጫ የተውሶ ዘይቤን ከነስህተቱ ከመውሰድና ከገዛ ቤታችን ግድግዳ የተሻለውን ከመፈለግ መካከል ነው።

ወዳጄ በመጨረሻው ምሽት ሁለቱን ቃላት በአንድ ላይ ደግሜ ነገርኋቸው፤ ዓይናማ ማገር፣ በአጥንት የሚተካ። ጥቂት አሰቡና፣ «እንግዲያው የሚፈታ የለም» አሉ። ከዚህ በኋላ ጥያቄያቸው ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ብቻ ነበር፤ እሱን የሚመልሰው ሐኪሙ ነው።